በእንግሊዝ ገጠር መጸዳጃ ቤት ስለ ማግኘት፦ ለአንድ የጉዞ ምክር የተሰጠ ምላሽ

የእንግሊዝን ገጠር ለመጎብኘት ለሚያስቡ ሰዎች መመሪያ እንዲሆን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እኔም ዘንድ ደርሷል። ስለ ባቡር ትኬት፣ ስለ ማደሪያና ስለ አየሩ ጠባይ የሚለው በአብዛኛው ትክክል ነው። ስለ መጸዳጃ ቤት በሚናገረው ክፍል ግን ከጥቂት ነጥቦች በቀር አልስማማም። ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ ሕግ እያንዳንዱን የአካባቢ ምክር ቤት ስለሚያስገድድ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የሌለው መንደር የለም፤ ቢጠፋ እንኳ ፐብ የሚባለው መጠጥ ቤት ማንኛውም ቢሆን ገብቶ መጠቀም የመንገደኛ መብት ነው፤ ሳንቲም የሚያስከፍሉት መንገደኛን ለመበዝበዝ የተሠሩ ስለሆኑ መታለፍ አለባቸው፤ የስልክ ካርታ ሁሉንም ያሳያል፤ ሞተርዌይ በሚባለው ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ያሉት ማረፊያዎች አስተማማኝ ናቸው፤ የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ቤቶች ሁልጊዜ ስለሚቆለፉ አይጠቅሙም፤ ሁሉም ካልተሳካ እንደ አገር ቤት ጫካ መግባት ይቻላል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ግን ጠዋት ውሃ ሳይጠጡ መውጣት ነው።

ይህን ምክር ይዘው የሚወጡት ጤነኛ ወጣቶች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ምላሽ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር። በእንግሊዝ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ግን በዚህ አገር የበጋ ወራት ገጠር የምንወጣው ብዙ ጊዜ ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን፣ ነፍሰ ጡር እህቶቻችንንና ትንንሽ ልጆችን ይዘን ነው። ለእነዚህ ሰዎች መጸዳጃ ቤት የት እንዳለና በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ማወቅ የጉዞው ዋና ዝግጅት ነው፤ የተሳሳተ መረጃም በቀጥታ አካላቸውን ይጎዳል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሕጉ ጉዳይ ይታረም። በእንግሊዝ የሕዝብ መጸዳጃ ቤትን የሚመለከተው ዋናው ድንጋጌ በ1936 የወጣው የሕዝብ ጤና ሕግ አንቀጽ 87 ነው። ይህ አንቀጽ ለአካባቢ ምክር ቤቶች መጸዳጃ ቤት የማቋቋም ሥልጣን ይሰጣቸዋል እንጂ ግዴታ አይጥልባቸውም፤ ስለዚህ አንድ ምክር ቤት በግዛቱ ውስጥ ያሉትን መጸዳጃ ቤቶች በሙሉ ቢዘጋ ሕግ ጥሷል ተብሎ አይከሰስም። ልዩነቱ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ከ2010 ወዲህ በግልጽ ታይቷል። ማዕከላዊው መንግሥት ለምክር ቤቶች የሚሰጠውን ገንዘብ ሲቀንስ፣ ምክር ቤቶቹ እንደ አረጋውያን እንክብካቤና እንደ ሕጻናት ጥበቃ ያሉትን በሕግ የተጣሉባቸውን ግዴታዎች መተው ስለማይችሉ፣ መቀስ ቀድሞ ያረፈው ግዴታ ባልሆኑት አገልግሎቶች ላይ ነበር። ቢቢሲ በ2018 ከምክር ቤቶች መረጃ ጠይቆ ባሰባሰበው መሠረት፣ በመላው ብሪታንያ በትላልቆቹ ምክር ቤቶች የሚተዳደሩት የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች በ2010 ከነበሩበት 5,159 ወደ 4,486 ወርደው ነበር። ከሁሉ የከፋው ቅነሳ የታየው ደግሞ ቱሪስት በሚጎርፍበት በኮርንዎል ነው፤ የዚያ ግዛት ምክር ቤት በ2010 ከሚያስተዳድራቸው 247 መጸዳጃ ቤቶች በ2018 በእጁ የቀሩት 14 ብቻ ነበሩ።

ጸሐፊው ይህን ቁጥር ቢያዩ ኮርንዎል ውስጥ መጸዳጃ ቤት የለም ወደሚል ሌላ ጫፍ እንዳይሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። ከእነዚያ ከ200 በላይ ከሆኑት መጸዳጃ ቤቶች ብዙዎቹ አልተዘጉም፤ ፓሪሽ ካውንስል ለሚባሉት የመንደር ምክር ቤቶችና ለትንንሽ ከተሞች ምክር ቤቶች ተላልፈዋል። እንደ እኔ አመለካከት ይህ በእንግሊዝ ገጠር ለሚጓዝ ሰው ከሁሉም በላይ ሊገባው የሚገባ ጉዳይ ነው። በአገሪቱ ወደ 10,000 የሚጠጉ የመንደርና የትንንሽ ከተሞች ምክር ቤቶች አሉ። መንገደኛው ዛሬ በአንድ መንደር መሃል ተከፍቶ የሚያገኘው መጸዳጃ ቤት በአብዛኛው የሚጸዳውና መብራቱ የሚበራው፣ ጥቂት መቶ የሚሆኑ የመንደሩ ነዋሪዎች በዓመታዊ የቤት ግብራቸው ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ለመክፈል ስለተስማሙ ነው። ይህ ስምምነት ደግሞ በየመንደሩ ይለያያል፤ አንዱ መንደር መጸዳጃ ቤቱን ተረክቦ ሲያድሰው፣ ብዙም ያልራቀው ሌላው አቅሙ ስላልፈቀደ በሩን ቸንክሮታል። ስለዚህ ባለፈው መንደር ስላገኘሁ በሚቀጥለውም አገኛለሁ ብሎ መተማመን አይቻልም።

ጎረቤቲቱ ዌልስ በ2017 ባወጣችው የሕዝብ ጤና ሕግ እያንዳንዱ የአካባቢ ምክር ቤት የሕዝቡን የመጸዳጃ ቤት ፍላጎት አጥንቶ እቅድ እንዲያወጣ አስገድዳለች። ያም ቢሆን የሚያስገድደው እቅድ ማውጣትን እንጂ መጸዳጃ ቤት መሥራትን አይደለም። እንግሊዝ ግን ይህንኑ ግዴታ እንኳ አልደነገገችም።

ክፍያን በተመለከተ ጸሐፊው የተጠቀሙበት ቃል ከባድ ነው። ከ20 እስከ 50 ፔንስ የሚያስከፍል የመንደር መጸዳጃ ቤት ለውሃ፣ ለመብራት፣ ለጽዳት ሠራተኛና ለሚሰበረው ዕቃ ከሚወጣው ገንዘብ ትንሹን ክፍል እንኳ ለመመለስ ይቸገራል። ራሱን ችሎ የቆመ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንደ ማንኛውም የንግድ ሕንጻ ግብር ይጣልበት ነበር፤ ፓርላማው በ2021 ባወጣው ሕግ ከ2020 ሚያዝያ ጀምሮ ነጻ እስኪያደርገው ድረስ፣ አንድ የመንደር ምክር ቤት ለጎብኚ ባቆመው ሽንት ቤት ግብር እየከፈለ ኖሯል። ይህን ሸክም ተሸክሞ በሩን ክፍት ያደረገ መንደር በዝባዥ ሊባል አይገባውም። በክፍያው ታሪክ ውስጥ እውነተኛ በደል ከተፈለገ ሌላ ቦታ ይገኛል። የ1936ቱ ሕግ የቁም መሽኛን ከክፍያ ውጭ አድርጎ ስለነበር፣ ሕጉ በ2008 እስከተሻሻለበት ጊዜ ድረስ ምክር ቤቶች ሴቶችን እያስከፈሉ ወንዶችን ለዚያው ጉዳይ በነጻ ያስገቡ ነበር። በ1963 ደግሞ፣ በምክር ቤቶች መጸዳጃ ቤቶች መግቢያ ላይ የነበሩትና ነፍሰ ጡር ሴትን ወይም ዕቃ የያዘን ሰው የሚያስቸግሩት ተሽከርካሪ የብረት በሮች በሕግ ተከልክለዋል። እኔ ለአንባቢ የምሰጠው ምክር የሚከፈልበትን መጸዳጃ ቤት ማለፍ ሳይሆን፣ አንዳንዱ ሳንቲም ብቻ አንዳንዱም ካርድ ብቻ ስለሚቀበል ሁለቱንም ይዞ መሄድ ነው።

ወደ ፐቡ ልምጣ፤ በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ስለያዙ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ፐብ በእርግጥ በእንግሊዝ ገጠር የመንገደኛ መጠጊያ ነው። ነገር ግን ምንም ሳይገዛ የገባ ሰው መጸዳጃ ቤት እንዲጠቀም ባለቤቱን የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ መፍቀድም መከልከልም የባለቤቱ መብት ነው። መብቴ ነው ብሎ ሰተት ብሎ የሚገባ እንግዳ ከባለቤቱ ጋር ይጋጫል፤ የሚያፍሩትም አብረውት ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው። በመጠጥ መቅጃው ባንኮኒ በኩል አልፎ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ እናቴ መጸዳጃ ቤት ብትጠቀም ይፈቅዱልናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ፈቃድ ማግኘቱ ያመዝናል። ከቻለም ሻይ ወይም ለስላሳ ገዝቶ ቢቀመጥ ለቤቱም ለራሱም ይበጃል። ከአንባብያን መካከል በሃይማኖታቸው ምክንያት መጠጥ ቤት መግባት የሚከብዳቸው ብዙዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የእንግሊዝ የገጠር ፐብ በቀን ቡናና ሻይ፣ ምግብም የሚቀርብበት፣ ቤተሰብ ከነልጁ የሚቀመጥበት ቤት መሆኑን ቢያውቁ ጭንቀታቸው ይቀልላቸው ይሆናል።

ከመብቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሰዓቱ ነው። የገጠር ፐብ ብዙ ጊዜ ከእኩለ ቀን በፊት አይከፈትም፤ ከምሳ በኋላ ዘግቶ ወደ ማታ የሚከፍት፣ ሰኞ ጭራሽ የማይከፍትም ብዙ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከለንደን የተነሣ አውቶቡስ ሰዎቹ መውረድ በሚፈልጉበት ሰዓት የሚያገኘው የተዘጋ በር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጠዋቱ ክፍል መተማመኛ የሚሆኑት ምግብ ቤት ያላቸው የእርሻ ሱቆች፣ የአትክልትና የችግኝ መሸጫ ማዕከላት፣ በገበያ ከተሞች ዳር ያሉ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችና የብሔራዊ ፓርኮች የጎብኚዎች ማዕከላት ናቸው፤ በዮርክሻየር ዴልስ ፓርክ ማላም መንደር የሚገኘው ማዕከልና በጥንታዊው የሃድሪያን ግንብ አጠገብ በ2017 የተከፈተው ዘ ሲል የተባለው ማዕከል ለዚህ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። አንዳንድ ምክር ቤቶች ደግሞ ለንግድ ቤቶች ጥቂት ገንዘብ እየከፈሉ ማንኛውም ሰው ሳይገዛ መጸዳጃ ቤታቸውን እንዲጠቀም ያደርጋሉ፤ በለንደኑ የሪችመንድ ምክር ቤት የተጀመረው ይህ አሠራር ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል። በእንዲህ ያለው ቤት መስኮት ላይ የሚለጠፈውን ምልክት ያየ ሰው ያለ ሐፍረት ሊገባ ይችላል፤ ጸሐፊው መብት ያሉት ነገር የሚሠራው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ስልክን በተመለከተ፣ ግሬት ብሪቲሽ ፐብሊክ ቶይሌት ማፕ የተባለውና መነሻው ከሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት የሆነው የመጸዳጃ ቤቶች ካርታ ትልቅ አገልግሎት የሚሰጥ መሆኑን እመሰክራለሁ፤ ማንኛውም ተጠቃሚ የተዘጋውንና የተከፈተውን ሊያርምበት መቻሉ ጥቅሙን ከፍ ያደርገዋል። ሁሉንም ያሳያል ማለት ግን አይቻልም። ሌክ ዲስትሪክትና ፒክ ዲስትሪክት በሚባሉት ተራራማ ብሔራዊ ፓርኮች ሸለቆዎች ውስጥ የስልክ ኔትወርክ የሚጠፋባቸው ብዙ ቦታዎች ስላሉ፣ ካርታው ቀድሞ በማታው ካልታየና ካልተጻፈ በሚያስፈልግበት ሰዓት ላይገኝ ይችላል። ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው የአገሪቱ የካርታ ድርጅት የሚያትማቸው የወረቀት ካርታዎች የሕዝብ መጸዳጃ ቤትን ፒሲ በሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ያመለክታሉ፤ ኔትወርክ ስለማይፈልጉ እኔ ከስልክ ይልቅ አብልጬ እይዛቸዋለሁ። ነገር ግን የቆየ እትም የያዘ ሰው ካርታው ከታተመ በኋላ የተዘጋውን ሊያውቅ አይችልም። ሌላው በጽሑፉ ውስጥ ያልተነሣው ነገር ወቅት ነው። በባሕር ዳርቻና በተራራማ አካባቢዎች ያሉ ብዙ መጸዳጃ ቤቶች ከፋሲካ አካባቢ እስከ ጥቅምት ብቻ ተከፍተው፣ በብርዱ ወራት ቧንቧው እንዳይፈነዳና ወጪ ለመቆጠብ ይዘጋሉ፤ በበጋውም ቢሆን ጀንበር ሳትጠልቅ የሚዘጉ ብዙ ናቸው። ለእያንዳንዱ ማረፊያ አንድ ሳይሆን ሁለት አማራጭ መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በሞተርዌይ ማረፊያዎች ጉዳይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። እነዚህ ማረፊያዎች ምልክታቸው በመንገዱ ላይ እንዲቆምላቸው፣ ዓመቱን ሙሉ በቀን 24 ሰዓት ነጻ መጸዳጃ ቤትና ለሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ነጻ የመኪና ማቆሚያ ማቅረብ አለባቸው፤ አንዳችም ነገር መግዛት አይጠበቅም። ይሁን እንጂ ሞተርዌይ ወደ ገጠሩ ያደርሳል እንጂ ገጠሩ ውስጥ አይገባም። ኤም 5 የተባለው ሞተርዌይ ኮርንዎል ሳይደርስ ኤክሰተር ከተማ ላይ ስለሚያበቃ ኮርንዎል ውስጥ ሞተርዌይ የለም፤ በምሥራቅ ያለችው ኖርፎክም ጭራሽ የላትም። በባቡር የሚሄድ ሰው ደግሞ እንደ ኪንግስ ክሮስ፣ ፓዲንግተንና ዩስተን ባሉት ትልልቅ ጣቢያዎች ከ2019 ጀምሮ መጸዳጃ ቤት በነጻ ያገኛል፤ የሚወርድበት የገጠር ጣቢያ ግን ብዙውን ጊዜ ሠራተኛም መጸዳጃ ቤትም የሌለው ባዶ መድረክ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ላይ እያሉ መጠቀም፣ ከዚያ የሚቀጥለው የገጠር አውቶቡስ መጸዳጃ ቤት እንደማይኖረውም ማሰብ ያስፈልጋል።

የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ቤት ተቆልፎ መገኘቱን ጸሐፊው በትክክል አይተዋል፤ ምክንያቱን ባለመጠየቃቸው ግን ለአንባቢዎቻቸው እጅግ የሚጠቅመውን መረጃ አስቀርተውባቸዋል። ከ1981 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሠራ አንድ ወጥ የቁልፍ ሥርዓት አለ። ቁልፉ በተለምዶ ሬዳር ኪ ይባላል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ቤቶችን የሚከፍተውም ይኸው አንድ ቁልፍ ነው። በሮቹ የሚቆለፉት ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ንጹሕ ሆነው እንዲቆዩ ነው፤ ቁልፉንም አካል ጉዳት ወይም የጤና ችግር ያለበት ሰው በአነስተኛ ዋጋ ገዝቶ መያዝ ይችላል። የግድ በተሽከርካሪ ወንበር መሄድ አያስፈልግም፤ የአንጀት ሕመም ያለበት፣ ፊኛው የማይይዝለት፣ በምርኩዝ የሚራመድ ሁሉ የታሰበለት ነው። አንዳንድ መጸዳጃ ቤቶች ሌላው በር ማታ ከተዘጋ በኋላም በዚህ ቁልፍ የሚከፈቱ በመሆናቸው፣ ለታመመ ወላጅ ሻንጣ ከማዘጋጀት በፊት ቁልፉን ማዘጋጀት ይገባል። አንሥቶ የሚያስቀምጥ ሰው ለሚያስፈልገው ከባድ አካል ጉዳተኛ ደግሞ፣ ማንሻ መሣሪያና መተኛ ያለው ቼንጂንግ ፕሌስስ የሚባል ሰፊ ክፍል አለ፤ ለእነዚህ ክፍሎች የሚደረገው ዘመቻ የተጀመረው በ2006 ነው። መጠበቅ አልችልም የሚል ጽሑፍ ያለበትና ከሕሙማን ማኅበራት የሚገኝ ትንሽ ካርድም አለ፤ ካርዱ ባለ ሱቅን በሕግ አያስገድድም፣ ነገር ግን እንግሊዝኛ የማይናገሩ እናት በሽታቸውን በሰው ፊት ሳያስረዱ እንዲጠይቁ ያስችላቸዋል።

አሁን ወደ ጫካው። ጸሐፊው የአገር ቤቱን ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ አስበው እንደጻፉ ይገባኛል፤ ሾፌሩ ገላጣ ቦታ ላይ ያቆማል፣ ወንዱ በአንድ በኩል ሴቱ በሌላ በኩል ይወርዳል። የእንግሊዝ ገጠር አሠራሩ ሌላ ነው። ጠባብ መንገዶቹ በሁለቱም በኩል በድንጋይ ካብ ወይም ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ የታጠሩ ናቸው፤ መኪና ማቆሚያ ቦታም የለም። በእርሻው መካከል የሚያልፈው የእግር መንገድ ለሕዝብ የተፈቀደ ቢሆንም ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው መሬት የሰው ይዞታ ነው፤ ያለ ፈቃድ ወደዚያ መግባት እስር ባያመጣም በፍትሐ ብሔር ያስጠይቃል። በ2000 የወጣው ሕግ በእግር እንደ ልብ የመዘዋወር መብት የሰጠው በተራሮች፣ በገላጣ ደጋዎችና በጋራ መሬቶች ላይ ሲሆን፣ ይህም ከእንግሊዝ ስፋት 8 በመቶ ገደማ ነው። ሰፊው የመዘዋወር መብት ያለው በስኮትላንድ ነው፤ እርሱም የራሱ ሕግ አለው።

በተራራ ላይ ረጅም የእግር ጉዞ ለሚያደርግ ሰው ሌላ አማራጭ እንደሌለ አልክድም፤ ከኢዴል ተነሥቶ 268 ማይል የሚዘልቀውን የፔናይን ዌይ መንገድ የሚጓዝ ሰው መጸዳጃ ቤት እስኪያገኝ ሊጠብቅ አይችልም። ለእርሱም ሥርዓቱ የታወቀ ነው፦ ከወንዝና ከጅረት ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር፣ ወረቀቱንና የንጽሕና መጠበቂያውን በላስቲክ ይዞ መመለስ። በፒክ ዲስትሪክት የሚፈሰው ውሃ ለከተሞች የመጠጥ ውሃ ወደሚጠራቀምባቸው ግድቦች ይወርዳል፤ በጎች የሚግጡበትም መስክ ነው። ጸሐፊው ከእነዚህ አንዱንም ሳይጠቅሱ ጫካ ግቡ ማለታቸው ተገቢ አልነበረም። ጉልበታቸው የማይታጠፍላቸውን እናት ሳማ በበዛበት ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጡ ማለት ደግሞ ምክር ሊባል አይችልም።

የመጨረሻው ነጥብ ውሃ አለመጠጣት ነው፤ ከሁሉም አብልጬ የምቃወመውም ይህንኑ ነው። ጸሐፊው ዘዴ ብለው ያቀረቡት ነገር በብሪታንያ እንደ ችግር ተጠንቷል። ሮያል ሶሳይቲ ፎር ፐብሊክ ሄልዝ የተባለው ተቋም በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ ከተጠየቁት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት መጸዳጃ ቤት እንዳያጡ በመስጋት የሚጠጡትን እንደሚቀንሱ፣ ከአምስት ሰዎች አንዱም በዚሁ ምክንያት የሚፈልገውን ያህል ከቤቱ እንደማይወጣ ገልጿል። ውሃ መቀነስ ለስኳር ሕመምተኛ የደሙን ስኳር ያባብስበታል፤ ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድን ሽማግሌ አዙሮ ሊጥለው ይችላል፤ ኩላሊት ያመመውን ይጎዳል፤ ሽንት ይዞ መዋልም በተለይ ሴቶችን ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ወላጆቻችን በባሕላቸው ስለዚህ ጉዳይ በልጅ ፊት መናገር ስለሚያፍሩ ቀድሞውኑ ሳይነገራቸው ውሃ የሚቀንሱ ናቸው፤ መኪናው ሲነሣ ጠጡ ሲባሉ አልጠማኝም የሚሉት ብዙ ጊዜ ጠምቷቸው ነው። ይህን ፍርሃታቸውን ትክክል ነው ብሎ የሚያጸድቅ ጽሑፍ በቋንቋቸው ተጽፎ ሲደርሳቸው ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ጉዞውን የሚያዘጋጀው ሰው ማረፊያዎቹን በሰዓታቸው ቀድሞ ከጻፈ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ቀጣዩ መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለሁሉም ጮክ ብሎ ከተናገረ፣ ማንም ሳይጠይቅም በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ካቆመ፣ እናቶች ውሃቸውን ይጠጣሉ። ጸሐፊው ስለ ሕጉ የጻፉትን ለማረም ጊዜ ቢያስፈልጋቸው ልታገሣቸው እችላለሁ፤ ውሃ ሳትጠጡ ውጡ የሚለውን አንቀጽ ግን ጽሑፉ ከዚህ በላይ ከመሰራጨቱ በፊት እንዲያወጡት በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ።